ሐማርቲያ፦ ስሕተት ወይስ ኀጢአት? በመድረክ ትራጄዲ ስልቶች ላይ የቀረበ አጭር ምልከታ

መግቢያ

አርስቶትል በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ባዘጋጀው «ፖዬቲክስ» የትራጄዲ ዋና ገጸ ባሕርይ ከደስታ ወደ መከራ የሚወድቀው በክፋቱ ሳይሆን በ«ሐማርቲያ» እንደ ሆነ ያስረዳል። ይህን ቃል ወደ አማርኛ ስንመልስ ስሕተት፣ የባሕርይ ጉድለት ወይም ኀጢአት ልንለው እንችላለን። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ምርጫው የቃላት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ተመልካቹ በወደቀው ሰው ላይ የሚሰጠውን ፍርድ ይወስናል።

የቃሉ ሥር

በጥንታዊው ግሪክኛ የቃሉ ግስ የተወረወረ ጦር ዒላማውን ሲስት ይነገር ነበር። በአዲስ ኪዳን ግሪክኛ ግን ስሙ የኀጢአት መጠሪያ ሆነ። የግእዙ «ኀጥአ»ም ሁለት ፍቺ አለው፤ አንድም አጣ፣ ሳያገኝ ቀረ፤ አንድም በደለ። የአማርኛው «አጣ» የመጣው ከዚሁ ሥር ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ «ኀጢአት» ሲባል የሚሰማው በደሉ ብቻ ነው፤ ማጣቱ ተረስቷል። ስለዚህ ሐማርቲያን ኀጢአት ማለት በሥርወ ቃል ሊደገፍ ቢችልም፣ በዛሬው ሰሚ ዘንድ መከራን ወደ ቅጣት ይለውጠዋል።

ስልቶቹ የሚመሰክሩት

በሶፎክልስ «ንጉሥ ኤዲፐስ» ሦስት ስልቶች ተሳስረው ይሠራሉ፤ ድራማዊ ምፀት፣ የሁኔታ ግልበጣና ማወቅ። ኤዲፐስ ከተማውን ከመቅሠፍት ለማዳን የቀድሞውን ንጉሥ ገዳይ አጥብቆ ይፈልጋል። ተመልካቹ ገዳዩ ራሱ ኤዲፐስ መሆኑን ያውቃል፤ እርሱ ግን አያውቅም። ከስጋቱ ሊያሳርፈው የመጣው መልእክተኛ የልደቱን ምስጢር በመግለጡ ጥፋቱን ያፋጥናል። የሚጥለው ለሕዝቡ ያለው ትጋት ነውና፣ ስልቶቹ የሚያሳዩት የሳተን ሰው እንጂ የሚቀጣ ወንጀለኛን አይደለም።

ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው «ኦቴሎ»ም ይኸው ይታያል። ኢያጎ በብቻ ንግግሮቹ ሤራውን ለተመልካቹ ይገልጣል፤ በመድረኩ ላይ ያሉት ግን ታማኝ ይሉታል። አንዲት መሐረብ በኦቴሎ ዐይን ማስረጃ ትሆናለች። ኦቴሎ ነፍስ አጥፍቷልና ከተጠያቂነት አያመልጥም፤ ሆኖም ተመልካቹን የሚያስጨንቀው እምነቱን ያለ ቦታው መጣሉ ነው።

የዚህ ንባብ ወሰን «ማክቤዝ» ነው። ማክቤዝ ንጉሡ ዘመዱም እንግዳውም መሆኑን ለራሱ ቆጥሮ፣ ድርጊቱ ክፉ እንደ ሆነ እያወቀ ይገድለዋል። እዚህ ላይ ኀጢአት የሚለው ቃል ይገባል። ስለዚህ አንዱን ፍቺ በሁሉም ተውኔት ላይ መጫን አይቻልም።

ሰማዕትና የትራጄዲ ጀግና

የጸጋዬ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን አላወግዝም በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተረሸኑ። ተመልካቹም ገጸ ባሕርዩም ፍጻሜውን ስለሚያውቁ ምፀቱ ይደክማል፤ ክብደቱ ለእመ ብርሃን በሚቀርበው ረጅም የብቻ ንግግር ላይ ያርፋል። አርስቶትል ፍጹም ደግ ሰው ሲወድቅ ማየት ርኅራኄንና ፍርሃትን ሳይሆን ቅያሜን ያስከትላል ይላል። የጴጥሮስ ተውኔት ግን ቅያሜ ላይ አይቆምም፤ ሞቱ ምስክርነት ስለሆነ ዒላማውን የሳተ ሰው የለም። ተውኔቱን ከትራጄዲ ይልቅ የሰማዕትነት ድራማ ብሎ መመደብ የሚሻለው ስለዚህ ነው።

ለአካባቢያችን ያለው ፋይዳ

አርስቶትል የመዘምራኑና የተዋናዩ የጋራ ልቅሶ ከትራጄዲ ክፍሎች አንዱ መሆኑን ይጠቅሳል። ሙሾ አውራጅ ስታወርድ ለቀስተኛው በሚቀበልበት በወሎ ልቅሶ ያደገ ተማሪ ይህን ስልት ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። በልቅሶው መካከል ሟች ይወደሳል እንጂ አይከሰስም።

ወሎ የ1966ንና የ1977 ዓ.ም.ን ረኃብ አይታለች፤ ወልድያ፣ መርሳና ሀብሩም ከ2013 መጨረሻ እስከ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ አልፈዋል። በእንዲህ ያለ ስፍራ «የወደቀ ሁሉ በኀጢአቱ ነው» የሚል ንባብ በክፍል ውስጥ ብቻ አይቀርም፤ ቤቱ የፈረሰበትንና ልጁን የቀበረውን ሰው ይከሳል። የኢዮብ ወዳጆች የሠሩት ይህንኑ ነበር፤ መጽሐፉም ፈርዶባቸዋል። የነቢዩ አዩብን ትዕግሥት የሚያስታውሰው ሙስሊም ጎረቤትም መከራ ሁሉ ቅጣት አለመሆኑን ያውቃል።

መደምደሚያ

ሐማርቲያን በመጀመሪያ ደረጃ «ስሕተት» ብሎ ማስተማር ይመረጣል። ተኳሽ ዒላማውን «ሳተ» የምንለው ከዚሁ ሥር ነውና፣ አማርኛው የግሪኩን ምስል ሳይጥል ይይዛል። ኀጢአት የሚለው ፍቺ እንደ «ማክቤዝ» ባሉ፣ ገጸ ባሕርዩ በራሱ ላይ በሚመሰክርባቸው ተውኔቶች ይወሰን። መምህሩም ከፍቺው አስቀድሞ ተማሪውን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ ይህ ሰው በሚወድቅበት ሰዓት ምን ያውቅ ነበር?