ደም አስቀድሞ ይናገራል

ብዙ ሰው «ካላመመኝ ሐኪም ቤት ምን ያስኬደኛል?» ይላል። ነገር ግን የስኳር፤ የኩላሊትና የልብ በሽታ ሕመም ሳያሰሙ ብዙ ዓመት ተደብቀው ሊቆዩ ይችላሉ። እነዚህን አስቀድሞ ከሚገልጹት አንዱ የደም ምርመራ ነው።

በመጀመሪያ ስኳርን እንመልከት። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ስለሚኖር፤ ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ የተባለው ምርመራ ያለፉትን 2 ወይም 3 ወራት ሁኔታ ያሳያል። ውጤቱ ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ቢሆን ማስጠንቀቂያ ነው፤ 6.5ና ከዚያ በላይ ቢሆን ግን የስኳር በሽታን ያመለክታል።

ሁለተኛው ክሬአቲኒን ነው። ይህ ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ሲሆን ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያስወግደዋል። ስለዚህ በደም ውስጥ ሲበዛ የኩላሊትን መድከም ሊያመለክት ይችላል። ሆኖም ኩላሊት ግማሽ ያህል ኃይሉን እስኪያጣ ድረስ መጠኑ ላይጨምር ስለሚችል፤ ሐኪም ሽንትንም ይመረምራል።

ሦስተኛው ኤልዲኤል ኮሌስትሮል ነው። ይህም ሲበዛ በደም ሥር ግድግዳ ላይ እየተከማቸ ወደ ልብ የሚሄደውን የደም መንገድ ያጠብባል።

ክቡራን ወላጆቻችን ሆይ፤ የምርመራ ቁጥር የሞት ፍርድ አይደለም። በጊዜ ከታወቀ በአመጋገብ፤ በእንቅስቃሴና በመድኃኒት ብዙ ጉዳት ይከለከላል። እኛ ልጆቻችሁ ገና እንፈልጋችኋለንና፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፤ ጤነኞች ሳላችሁ ተመርመሩ።