የዓሣ ቀለም ከየት ይመጣል? ለምንስ ይለወጣል?

ዓሣ የሚገዛ ሰው ቀለምን የሚመረምረው ለአንድ ጉዳይ ነው። ስንጥቡን ገልጦ ያያል፤ ደማቅ ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው ብሎ ይገዛል፣ ከገረጣ ትቶት ይሄዳል። ነገር ግን የዓሣ ቀለም ከዚህ የሰፋ ትምህርት ስላለው ጥቂት ልናስተነትንበት ይገባል።

ውድ አንባቢያን! የዓሣ ቀለም በዋናነት ከሦስት ምንጮች ይገኛል። አንደኛው ዓሣው በአካሉ ውስጥ የሚሠራው ነው። ጥቁርና ቡናማ መልክ የሚሰጠው ሜላኒን በእኛም ቆዳና ጠጉር ውስጥ ያለው ያው ንጥረ ነገር ነው። ሁለተኛው ከምግብ የሚመጣ ነው። ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ መልክ የሚሰጡትን ካሮቲኖይዶች ዓሣ ራሱ ሊፈጥራቸው ስለማይችል ከሚበላው ያገኛቸዋል። የሳልሞን ሥጋ የሚቀላውም ለዚህ ነው፤ በእርባታ የሚያድገው ሳልሞን ቀለሙ በመኖው ካልተጨመረለት ሥጋው ይነጣል። ሦስተኛው ግን የብርሃን ሥራ ነው። በቆዳው ውስጥ የተደረደሩ ስስ የጉዋኒን ክሪስታሎች ብርሃንን እንደ መስታወት ይመልሱታል። ብርማው መልክ፣ አብዛኛውም ሰማያዊ ቀለም የሚገኘው ከዚህ ነው።

ታዲያ አንዳንድ ዓሣ በደቂቃዎች ውስጥ መልኩን የሚለውጠው እንዴት ነው? ሜላኒኑ የሚገኘው ቅርንጫፍ ባላቸው ሕዋሳት ውስጥ በጥቃቅን ቅንጣት መልክ ነው። ቅንጣቶቹ በሕዋሱ መሐል ሲሰበሰቡ ቆዳው ይፈዛል፤ ወደየቅርንጫፉ ሲበተኑ ይጠቁራል። ነገሩ ጃንጥላ እንደማጠፍና እንደመዘርጋት ነው። ትእዛዙ የሚመጣው ከነርቭና ከሆርሞን ነው። በባሕር ወለል ላይ የሚተኛው ጠፍጣፋ ዓሣ የተኛበትን አሸዋ በዓይኑ አይቶ ይመስለዋል። ዓሣው በአንድ ዓይነት ስፍራ ለሳምንታት ከቆየ ደግሞ የቀለም ሕዋሳቱ ቁጥር ራሱ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል።

ቀለም ለዓሣ መደበቂያ ብቻ ሳይሆን መተዋወቂያም ነው። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በሚጋሩት በቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ሁለት የሚቀራረቡ የዓሣ ዝርያዎች አሉ። የአንደኛው ወንድ ቀይ፣ የሌላው ሰማያዊ ነው። ቀዩ በታንዛኒያው መሪ በጁሊየስ ኔሬሬ ስም ተሰይሟል። በጠራ ውኃ ውስጥ ሴቶቹ የየራሳቸውን ወንድ በቀለሙ ለይተው ይመርጣሉ። ኦሌ ዜሃውዘንና ባልደረቦቹ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ግን ቀለም በማይለይበት ብርሃን ሥር ሴቶቹ ምርጫቸው እንደሚጠፋ አሳዩ። በሐይቁ ደፍራሻ ክፍሎችም ቀለሞቹ ደብዝዘው፣ ዝርያዎቹ ተደባልቀው ተገኝተዋል። ውኃውን ያደፈረሰው ከእርሻ የሚታጠብ አፈርና ከከተማ የሚለቀቅ ፍሳሽ ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል! እነዚያን ዓሦች መርዝ አልገደላቸውም፤ መረብም አልጨረሳቸውም። መተያየት ስላቃታቸው ብቻ በብዙ ሺህ ዓመታት የተለየው ዘር በጥቂት አሥርት ዓመታት ተመልሶ ተቀላቀለ። ውኃ ማደፍረስ ምንም ደም ሳይፈስበት ፍጥረትን የማጥፊያ መንገድ ሆነ ማለት ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስለን። ከአዲስ አበባ ወንዞች የሚወርደው ቆሻሻ በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ቆቃ ይደርሳል። ከቆቃ ደግሞ ዓሣ ይጠመዳል፤ ወደ ገበያም ይመጣል። ስንጥብ ገልጠን ቀለም የምንመረምር ሰዎች ከቤታችን፣ ከጋራዣችንና ከፋብሪካችን ወደ ወንዙ የሚወርደውንም መመርመር ይኖርብናል። የጠራ ውኃ ለዓሣ ዓይኑም ቋንቋውም ነውና።