አዲስ አሽከርካሪና ቀይ መብራት፦ ቅጣት ነው ወይስ ትምህርት?



ተማሪ አንድ ጊዜ ፈተና አልፎ በሁለተኛው ወር ያንኑ ትምህርት ቢሳሳት ምን እናደርጋለን? እንቀጣዋለን? ወይስ እንደገና እናስተምረዋለን? ይህ ጥያቄ ነገ በየተመደብንበት ትምህርት ቤት የሚጠብቀን ነው። ዛሬ ግን ከክፍል ወጣ ብለን በመኪና መንገድ ላይ እንመልከተው። ለምሳሌ የምንወስደው በታላቋ ብሪታኒያ ስለ አዲስ አሽከርካሪዎች የወጣውን ሕግ ነው። ሕጉ በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንንም የሚነካ ስለሆነ ነገሩ የሩቅ ወሬ ብቻ አይደለም።

ሀ/ ሕጉ ምን ይላል?

ሕጉ የወጣው በ1995 እ.ኤ.አ. ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው ከጁን 1 ቀን 1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። በዚያ አገር አሽከርካሪ ሲያጠፋ ከገንዘብ መቀጫው ሌላ በመንጃ ፈቃዱ ላይ የቅጣት ነጥብ ይመዘገብበታል። ነባር አሽከርካሪ በ3 ዓመት ውስጥ 12 ነጥብ ከሞላበት ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለ6 ወር ከመንዳት ይታገዳል። አዲሱ አሽከርካሪ ግን ፈተናውን ካለፈበት ቀን አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ 6 ነጥብ ከደረሰ መንጃ ፈቃዱ ይሰረዛል።

ቀይ መብራት መጣስ ብዙውን ጊዜ 3 ነጥብና 100 ፓውንድ ያስቀጣል። በአንዳንድ ቦታ ፖሊስ በነጥቡ ፈንታ የትምህርት ክፍለ ጊዜ እንዲከታተል ሊፈቅድ ይችላል። እንግዲህ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 3 ሲደመር 3። «አንድ ቀይ መብራት ከጣስክ መንጃ ፈቃድህ አለቀ» የሚባለው ልክ አይደለም። ልክ የሚሆነው ቀድሞ የተመዘገበ 3 ነጥብ ላለበት ሰው ነው። ልብ በሉ፣ በመለማመጃ ፈቃድ ሲነዳ ያገኘው ነጥብም ወደ ሙሉው መንጃ ፈቃድ ይሻገራል።

የተሰረዘበት ሰው ከዚያ በኋላ ለማማጅ ነው። አዲስ የመለማመጃ ፈቃድ ያወጣል፤ የለማማጅ ምልክት ለጥፎ፣ ብቁ አሽከርካሪ አጠገቡ አስቀምጦ ይነዳል። የንድፈ ሐሳቡንም የተግባሩንም ፈተና እንደገና ይፈተናል። የቆዩት ነጥቦች አይፋቁለትም።

ለ/ «ቢጫ ላይ ነው ያለፍኩት»

ቀይ ከጣሱት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ቃል ይህ ነው። እስቲ እንመርምረው። በብሪታኒያ ሕግ ቢጫ ማለት «ፍጠን» ማለት አይደለም፤ ቁም ማለት ነው። ማለፍ የሚፈቀደው ቢጫው የበራው የማቆሚያውን መስመር ካለፉ በኋላ ከሆነ፣ ወይም እጅግ ከመቅረብ የተነሣ ድንገት መቆም አደጋ የሚያመጣ ከሆነ ብቻ ነው። ቀይና ቢጫ አብረው ሲበሩም ገና መቆም ነው። አረንጓዴም ቢሆን «መንገዱ ክፍት ከሆነ እለፍ» ማለት ነው እንጂ «ዝም ብለህ ግባ» ማለት አይደለም።

አሁን ጠመኔ እናንሣ። በከተማ ውስጥ የተለመደው የፍጥነት ወሰን በሰዓት 30 ማይል፣ ማለት 48 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህም በሰከንድ 13 ሜትር ከግማሽ ገደማ ይሆናል። የአገሩ የመንገድ ደንብ መጽሐፍ እንደሚለው በዚህ ፍጥነት፣ በደረቅ መንገድ፣ ለመቆም 23 ሜትር ያስፈልጋል፤ 9ኙ ሜትር አሽከርካሪው አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርግ የሚሄደው ሲሆን 14ቱ መኪናው ፍሬን ይዞ የሚሄደው ነው። ቢጫው የሚቆየው 3 ሰከንድ ነው። በ3 ሰከንድ መኪናው 40 ሜትር ይሄዳል።

ከዚህ ምን እንረዳለን? ቢጫው ሲበራ ከ23 ሜትር በታች የቀረው ሰው ቀዩ ሳይበራ ያልፋል። ከ23 ሜትር በላይ የቀረው ሰው ይቆማል። በወሰኑ ፍጥነት እየነዳ ቀይ ላይ የገባ ሰው ግን፣ ቢጫው ሲበራ ገና 40 ሜትር ይቀረው ነበር ማለት ነው። ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት እጥፍ ሊሆን ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። ስለዚህ ስሕተቱ የፍሬን ወይም የመብራት አይደለም፤ ወይ አላየም፣ ወይ ከወሰኑ በላይ ይፈጥናል፣ ወይ አይቶ ቸኩሏል። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይባል የለ! መንገዱ እርጥብ ሲሆን ደግሞ መቆሚያው ርቀት ስለሚረዝም አስቀድሞ ፍጥነት መቀነስ ግድ ነው።

ሐ/ አንድ ምሳሌ

ነገሩ እንዲጨበጥ ምሳሌ እንፍጠር። አንዲት እህት አዲስ አበባ ውስጥ 15 ዓመት መኪና ነድታለች እንበል። እንግሊዝ አገር ገብታ ኑሮ ስትጀምር በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃዷ መንዳት የምትችለው ለ12 ወር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መለማመጃ አውጥታ ትፈተናለች። ስታልፍ፣ የ15 ዓመት ልምዷ አይቆጠርም፤ በሕጉ ፊት አዲስ አሽከርካሪ ናት።

ሥራዋ በሆስፒታል የሌሊት ተራ ነው፤ አውቶቡስ በሌለበት ሰዓት ትወጣለች። በ14ኛው ወር ቀይ ስትጥስ ካሜራ ያዛት፤ 3 ነጥብ። በ23ኛው ወር ደክሟት ወደ ቤቷ ስትመለስ ሁለተኛውን ጣሰች። ጉዳዩ ሲያልቅ 2 ዓመቱ አልፏል። «እፎይ፣ ጊዜው አለፈ» አለች። አላለፈም። የሚቆጠረው ጥፋቱ የተፈጸመበት ቀን ነው እንጂ ቅጣቱ የተወሰነበት ቀን አይደለም። መንጃ ፈቃዷ ተሰረዘ።

ዳኛ ፊት ቀርባ «ለሥራዬ ያስፈልገኛል፣ ልጆች አሉኝ» ብትልስ? ስረዛውን የሚፈጽመው የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ነው፤ 6 ነጥብ ከሞላ መሰረዝ ግዴታው ነው፤ ለችግር የሚተው ቀዳዳ የለውም። መከራከር የሚቻለው በጥፋቱ በራሱ ላይ ብቻ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። በካሜራ ሲያዝ ደብዳቤው የሚላከው መኪናው በስሙ ለተመዘገበ ሰው ነው። እሱም ማን ሲነዳ እንደነበረ በ28 ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለበት። ደብዳቤውን ፈርቶ መሳቢያ ውስጥ የጣለ አዲስ አሽከርካሪ፣ ባለመመለሱ ብቻ 6 ነጥብ ይጠብቀዋል። በ3 ነጥብ ሊያልቅ የነበረው ነገር በዝምታ መንጃ ፈቃድ ያስቀራል።

መ/ እንደገና መፈተን ወይስ እንደገና መማር?

ይህን ሕግ ከመምህር ዓይን እናየው ዘንድ ሁለት መልካም ነገር አለው። ደንቡ አስቀድሞ የታወቀና ለሁሉም አንድ ነው። በሩንም ለዘለቄታው አይዘጋም፤ የወደቀው ሰው በችሎታው ተመልሶ ይገባል። ደግሞም አንድ ቀን ፈታኝ አጠገብ ቁጭ ብሎ በጥንቃቄ መንዳት ልማድን አያሳይም፤ እውነተኛው ፈተና ማንም በማያይበት በእነዚያ 2 ዓመቶች ነው።

ጉድለቱስ? ሕጉ እንደገና ተፈተን ይላል እንጂ እንደገና ተማር አይልም። ያቺ እህት መንዳት ታውቃለች፤ ፈተናውን ነገ ታልፋለች። የሳተችው ድካሟን አለማወቋና ቢጫን እንደ ፈቃድ መቁጠሯ ነው። ይህን የሚነግራት ፈተና የለም።

የጀርመንን አሠራር ብናነጻጽር ልዩነቱ ይታያል። እዚያም ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አሽከርካሪ 2 ዓመት የሙከራ ጊዜ አለው። ቀይ መብራት ከጣሰ ከቅጣቱ ሌላ ከ6 እስከ 12 ሰው በሚገኝበት ቡድን 135 ደቂቃ የሚፈጅ ትምህርት 4 ጊዜ ይከታተላል፤ በመካከሉም ሲነዳ ይታያል። የሙከራ ጊዜውም ወደ 4 ዓመት ይረዝማል። በቡድኑ ውስጥ እያንዳንዱ የራሱን ጥፋት ያወራል፤ ምክንያቱን ይፈልጋል። ትምህርቱን እምቢ ያለ መንጃ ፈቃዱን ያጣል። አንደኛው አገር ውጤቱን ይለካል፤ ሁለተኛው ምክንያቱን ይጠይቃል።

እኛም ቀይ እስክሪብቶ ይዘን ደብተር ስናርም ይኸው ምርጫ አለብን። «ተሳስተሃል፣ እንደገና ሥራ» ማለት ይቀላል። «የት ላይ ነው የሳትከው? አሳየኝ» ማለት ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ተማሪው በሚቀጥለው መስቀለኛ መንገድ ላይ ብቻውን ሲሆን የሚያቆመው ይህ ሁለተኛው ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ3 ሰከንድ ስንት ሜትር ይሄዳል? ለመቆም 36 ሜትር የሚያስፈልገው ከሆነ ምን ትደመድማላችሁ?
2. ለችግረኛ የማይራራ ደንብና በየጊዜው የሚለሰልስ ደንብ፣ በክፍል ውስጥ የትኛው ይሻላል? ለምን?
3. ፈተና አልፎ ልማዱ ያልተስተካከለ ተማሪን በምን ትለዩታላችሁ?