የላስታ ክረምትና የባሕር ሸርጣን

ሸርጣን የሚለውን ስም ብዙዎቻችን ያወቅነው ከባሕር ሳይሆን ከኮከብ ቆጣሪ አፍ ነው፤ የሰኔ ኮከብ ሸርጣን ነውና። እኔም የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እንጂ የሳይንስ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ስለዚህ ፍጥረት ያነበብሁት የአገሬን የላስታን ወንዝ በሌላ ዐይን እንዳየው ስላደረገኝ፥ ለተማሪ ጓደኞቼ ባካፍል ይጠቅማል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

ሸርጣን፥ ሽሪምፕና የመሳሰሉት ሁሉ በሳይንስ ቋንቋ ቅርፊት ለባሾች ናቸው። የእኛን ደም የሚያቀላው በውስጡ ያለው ብረት ሲሆን፥ የሸርጣን ደም ግን ኦክሲጅን የሚሸከመው በመዳብ ነው፤ ስለዚህ ኦክሲጅን ሲያገኝ ወደ ሰማያዊ ያደላል። እንግዲህ መዳብ ለሸርጣን ሕይወቱ ነው፤ ዚንክም እንደዚሁ ያስፈልገዋል። ሁለቱም ከልክ ሲያልፉ ግን ይጎዱታል። ካድሚየም የሚባለው ብረት ደግሞ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ ጉበት መሰል በሆነው የሆድ ዕቃው ውስጥ ይጠራቀማል።

ሊቃውንት ከአንድ ባሕር ዳር፥ አንድ ዐይነት ሸርጣን በየወሩ እየያዙ ሲመረምሩ፥ በሰውነቱ ያለው የብረታ ብረት መጠን ከወቅት ወደ ወቅት ሲለዋወጥ ያገኙታል። ለመሆኑ ምክንያቱ ምንድን ነው?

አንደኛ፥ ሸርጣን ሲያድግ አሮጌውን ቅርፊት ጥሎ አዲስ ይለብሳል። በዚያን ጊዜ ብዙ ውሃ ወደ ሰውነቱ ስለሚያስገባ በደሙ ያለው መዳብ ይቀጥናል። ሁለተኛ፥ በመራቢያውና ምግብ በሚያንስበት ወራት ክብደቱ ይለዋወጣል። ካድሚየሙ ሳይጨምር ሰውነቱ ብቻ ቢከሳ፥ በሚዛን ሲሰላ ካድሚየሙ የበዛ ይመስላል። ሦስተኛ፥ የዝናም ወራት ሲመጣ ወንዞች ከየብስ ያጠቡትን ደለል ባሕር ዳር ያፈስሳሉ፤ የዚያም አካባቢ ጨው ይቀንሳል። በባሕር ውሃ ካድሚየምን አስሮ የሚይዘው ጨው ነውና፥ ጨው ሲጎድል ካድሚየሙ ተፈትቶ ወደ እንስሳው በቀላሉ ይገባል።

«ታዲያ ላስታን ከባሕር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። ያገናኘው ተከዜ ነው። ተከዜ ከላስታ ተራሮች ፈልቆ፥ ስሜንን ዞሮ፥ በሱዳን በኩል ከአትባራ ጋር ይገጥማል፤ አትባራም ወደ ዓባይ ይገባል። የላስታ ተራሮች የጥንት እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ናቸው፤ የቤተ ጊዮርጊስን ዐለት ያቀላውም በውስጡ የዛገው ብረት ነው። የክረምት ጎርፍ ይህን አፈር ከነብረቱ እየፋቀ ያወርደዋል። ዓባይ ወደ ግብፅ ያደርሰው ከነበረው ደለል ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው ከኢትዮጵያ የታጠበ ነበር።

ጎርፉ ሜዲቴራኒያን ሲደርስ በውስጡ ያለው ማዕድን ጥቃቅን የባሕር ዕፀዋትን ያፋፋ ነበር፤ ሽሪምፑም በዚያ ይረባ ነበር። የአስዋን ታላቅ ግድብ በ1964 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ውሃውን መያዝ ጀመረ። በ1963 ከ8,000 ቶን በላይ የነበረው የግብፅ ሽሪምፕ በ1969 ወደ 1,100 ቶን ገደማ ወረደ። ይህ የሆነው በዋናው ነገር ፎስፌትን በመሳሰለ ማዕድን መጉደል እንጂ በመዳብ ወይም በካድሚየም አይደለም፤ ነገር ግን የደጋው ክረምት የባሕሩን ፍጥረት ኑሮ ምን ያህል ይገዛ እንደ ነበር ያሳየናል።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? በአንድ ወር ብቻ የተያዘ ሸርጣን ስለ ባሕሩ ሙሉ ምስክር ሊሆን አይችልም። ወንዝም እንደዚሁ ነው። በበጋ ኩል የመሰለው ምንጭና በሐምሌ አፈር መስሎ የሚወርደው ጎርፍ በስም አንድ ይሁኑ እንጂ በሚሸከሙት አንድ አይደሉም። ደግሞም የጠራ ሁሉ ንጹሕ አይደለም፤ በውሃ የሟሟ ብረት ለዐይን አይታይምና።

ይህ ነገር እኛን ተማሪዎችን በቀጥታ ይነካናል። ብዙዎቻችን ወደ አገር ቤት የምንገባው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ነው። ያን ጊዜ ሜዳው ለምልሞ፥ ወንዙ ሞልቶ እናየዋለን፤ ማስታወሻችንም የሐምሌና የነሐሴ ብቻ ይሆናል። ምንጩ ደርቆ እናቶቻችን እንስራ ተሸክመው ሩቅ የሚሄዱበትን ወራት ግን አላየነውም። የአንዱን መንደር ውሃ መርምሮ «ይጠጣል» ወይም «አይጠጣም» የሚል ሰው በክረምትም በበጋም ይቅዳ፤ በላስታ ደግሞ የበልግ ዝናም ስላለ ያንንም አይርሳ። በጠርሙሱም ላይ ቦታውን ብቻ ሳይሆን ወሩን ይጻፍ።

ወሩ ያልተጻፈበት ቁጥር ግማሽ ምስክር ነው። በግማሽ ምስክር የተፈረደ ፍርድ ደግሞ ጉዳቱ የሚደርሰው በመርማሪው ላይ ሳይሆን ውሃውን በየቀኑ በሚጠጣው ሰው ላይ ነው።