እሬትና እንዳሁላን በጣሳ ማሳደግ

በዚህ እትም የአትክልት ትምህርታችን፣ መሬትም ሆነ በቂ ውሃ ለሌለው ሰው የሚመቹትን እሬትንና እንዳሁላን እንመለከታለን።

ሁለቱም በቅጠላቸው ውሃ የሚቋጥሩ ተክሎች ናቸው። አብዛኛው ተክል የቅጠሉን ቀዳዳዎች ቀን ስለሚከፍት ብዙ ውሃ በትነት ያጣል፤ እነዚህ ግን ቀን ዘግተው ሌሊት ይከፍታሉ። በሚያዝያና በግንቦት ከ40 ዲግሪ የሚያልፈውን የካርቱም ሙቀት የሚችሉት በዚህ ነው። ሱዳንም የራሷ እሬት አላት፤ በቀይ ባሕር ኮረብቶች የሚበቅለው አንዱ ዝርያ በሲንካት ከተማ ስም ይጠራል።

አተካከሉ እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ/ የዱቄት ወተት ጣሳ ያዘጋጁ፤ ሥሩን በምስማር አራት አምስት ቦታ ይብሱት።

2ኛ/ የዓባይ ዳር አፈር ውሃ ስለሚይዝ ብቻውን አይጠቀሙበት፤ ለአንድ እጅ አፈር ሁለት እጅ አሸዋ ይቀላቅሉ።

3ኛ/ ከእሬቱ ግርጌ የበቀለውን ግልገል ከነሥሩ ይንቀሉ። የእሬት ቅጠል ብቻውን ቢተከል ይበሰብሳል። ከእንዳሁላ ግን የግንድ ቁራጭ ይበቃል። የተቆረጠው ቦታ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን በጥላ ያቆዩትና ይትከሉት።

4ኛ/ ከቀትር ፀሐይ ይከልሉት። ጣትዎን አስገብተው አፈሩ ደረቅ መሆኑን ሲያረጋግጡ ብቻ ያጠጡ፤ ሳሙና ያልነካው የአትክልት እጣቢ ይበቃል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ሲጥል ከጣራ ሥር ያስገቡት። እነዚህን ተክሎች አብዛኛውን ጊዜ የሚገድላቸው ጥማት ሳይሆን የውሃ መብዛት ነው።

ጥንቃቄ፦ የእሬት ቅጠል ሲቆረጥ የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ፣ እናቶቻችን ጡት ለማስጣል የሚቀቡት መራራው፣ ከተጠጣ በብርቱ ያስቀምጣል። ነፍሰ ጡር ሴት ፈጽሞ መውሰድ የለባትም። የቁልቋል ነጭ ወተት ደግሞ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል፤ ስለዚህ ቁልቋልን ልጆች በሚጫወቱበት ቦታ አይትከሉ። ዓይን ከነካ በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥበው ወዲያው ወደ ክሊኒክ ይሂዱ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ቤታችንን ጥለን የወጣን ብዙዎች ነን። የእሬት ግልገል አፈሩ ተራግፎ በወረቀት ከተጠቀለለ ያለ ውሃ ሳምንታት ይቆያል። ስለዚህ የሚሄድ ሰው ይዞት ሊሄድ፣ የሚቀር ሰውም ለጎረቤቱ ሊያካፍለው ይችላል።