የፍሬን ሲጢጥታ፦ ምንነቱና መፍትሔው

ከባልደረቦቻችን አንዱ የገዛት መኪና ገና 8,000 ኪሎ ሜትር ሳትሞላ የፊት ፍሬኖቿ ሲጢጥ ማለት ጀመሩ። ድምፁ ጎልቶ የሚሰማው ጠዋት ጠዋት፣ ፍሬኑም በዝግታ ሲያዝ ነበር። ምክር ሰጪ አልጠፋም። አንዱ «አዲስ ስለሆነች ነው፣ ይለቃታል» ሲል፣ ሌላው በዲስኩ ላይ ጥቂት ዘይት ጠብ ማድረግ እንደሚበቃ ተናገረ። የመጀመሪያው ምክር በከፊል እውነት ነው፤ ሁለተኛው ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የድምፁን ምንጭ ከመረመርን በኋላ፣ የትኛው ሲጢጥታ በትዕግሥት እንደሚታለፍና የትኛው አፋጣኝ እርምጃ እንደሚጠይቅ ለማሳየት እንሞክራለን።

ፍሬን ምን ይሠራል?

ፍሬን የመኪናን የእንቅስቃሴ ኢነርጂ በሰበቃ አማካይነት ወደ ሙቀት ይለውጣል። 1,200 ኪሎ ግራም የምትመዝንና በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር (በሴኮንድ 20 ሜትር) የምትጓዝ መኪና 240,000 ጁል የእንቅስቃሴ ኢነርጂ አላት። ይህም 0.8 ሊትር ያህል ውሃን ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አንሥቶ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ እስከሚፈላበት እስከ 92 ዲግሪ ገደማ ለማሞቅ ይበቃል። ፍሬን ሲያዝ የመኪናዋ ክብደት ወደ ፊት ስለሚያጋድል፣ የሥራው አብላጫ ክፍል የሚወድቀው በፊት ፍሬኖች ላይ ነው። ሲጢጥታው በአብዛኛው ከፊት የሚሰማውም በከፊል ስለዚህ ነው።

በዲስክ ፍሬን ውስጥ ፒስተኑ ሁለት የፍሬን ሸራዎችን ከግራና ከቀኝ በሚሽከረከረው ዲስክ ላይ ያጣብቃል። ሸራዎቹን አቅፎ የሚይዘው ክፍል ካሊፐር ይባላል።

ሰበቃ እንዴት ድምፅ ይሆናል?

ማሲንቆ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ደጋኑ ክሩን ይዞ ጥቂት ይጎትተዋል፤ የክሩ ውጥረት ሲያይል ያመልጠውና ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ደጋኑም መልሶ ይይዘዋል። ይህ መያዝና መልቀቅ በሴኮንድ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገም ዜማ ይወለዳል። ለዚህም ምክንያቱ ሁለት አካላት ሳይንሸራተቱ ሲነካኩ የሚኖረው ሰበቃ፣ ሲንሸራተቱ ከሚኖረው ስለሚበልጥ ነው። አዝማሪው ደጋኑን ዕጣን የሚቀባውም ክሩን አጥብቆ እንዲይዝለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ማብራሪያ ለፍሬን ብቻውን አይበቃም። ዲስኩ፣ ሸራውና ካሊፐሩ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የተፈጥሮ ንዝረት ድግግሞሽ አላቸው። የሁለት ንዝረቶች ድግግሞሽ በጣም ሲቀራረብ ሰበቃው ያቆራኛቸዋል፤ ከዲስኩ ሽክርክሪትም ኢነርጂ እየወሰደ ንዝረቱን ይመግበዋል። በዚህ ጊዜ ዲስኩ እንደ ደወል ይጮኻል። የሲጢጥታው ድግግሞሽ ብዙውን ጊዜ ከ1,000 ሄርዝ በላይ ነው፤ ጆሯችን ደግሞ ከ2,000 እስከ 5,000 ሄርዝ ባለው ክልል ከሁሉ ይበልጥ ንቁ በመሆኑ ድምፁ እጅግ ይረብሸናል። ወደ ድምፅ የሚለወጠው ግን ከኢነርጂው እጅግ ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ፍሬን መጮኹ ብቻውን የመያዝ አቅሙ መድከሙን አያመለክትም።

የሙቀት፣ የእርጥበት ወይም የመርገጫው ግፊት ጥቂት ለውጥ ይህን ቁርኝት ሊፈጥረውም ሊያፈርሰውም ይችላል። ጠዋት ስትጮኽ የነበረች መኪና ጋራዥ ስትደርስ ዝም የምትለው በዚህ የተነሣ ነው።

አዲስ መኪና ስለምን ትጮኻለች?

አንደኛ፣ ዲስኩ የሚሠራው ከብረት በመሆኑ በአንድ ሌሊት እርጥበት ስስ ዝገት ያበጃል። ይህ ዝገት ጥቂት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ተፍቆ ይጠፋል። በወደብና በመጋዘን ለረጅም ጊዜ የቆመች መኪና ግን ጠንከር ያለ ዝገት ሊኖራት ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሸራውና ዲስኩ ገና አልተዋወቁም ይሆናል። ፍሬን በአግባቡ የሚሠራው ከሸራው የሚወጣ ስስ ሽፋን በዲስኩ ላይ እኩል ሲነጠፍ ነው።

ሦስተኛ፣ ሸራው ከመጠን በላይ ሲሞቅ ገጹ ደርቆ እንደ መስተዋት ይለሰልሳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ከላይ የጠቀስናት መኪና 1,000 ሜትር ስትወርድ 12 ሚሊዮን ጁል ያህል ኢነርጂ ታስወግዳለች፤ ይህም ከ72 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 49 ጊዜ ያህል ከመቆም ጋር ይስተካከላል። በከባድ ማርሽ በመውረድ የኢነርጂውን ከፊል ለሞተሩ መተው የሚመከረውም ለዚህ ነው።

አራተኛ፣ የኤሌክትሪክ መኪኖች ፍጥነታቸውን በአብዛኛው የሚቀንሱት በሞተራቸው ኤሌክትሪክ መልሰው በማመንጨት ነው። የሰበቃ ፍሬናቸው እምብዛም ስለማይሠራ ዝገትና አቧራ ይከማችበታል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገራችን እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ በመምጣታቸው፣ ይህን ምክንያት ማወቅ ጠቃሚ ነው።

ምን ይደረግ?

ሸራውን ከዲስኩ ጋር ለማዋሐድ፣ ትራፊክ በሌለበት ሜዳማ መንገድ ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እስከ 10 ድረስ በመጠነኛ ግፊት ከስምንት እስከ አሥር ጊዜ ያህል መቀነስ፣ በየመካከሉም ግማሽ ደቂቃ ያህል መንዳት ይገባል። በመጨረሻም ፍሬን ሳይዙ ጥቂት ተጉዞ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። የመኪናው መመሪያ ሌላ የሚያዝዝ ከሆነ እርሱን መከተል ይበልጣል።

ድምፁ ከቀጠለ ጎማው ተፈትቶ ይመርመር። ገጹ የለሰለሰ ሸራ በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ሊፈገፈግ ይችላል። ለፍሬን የተዘጋጀ፣ ሙቀት የሚችል ግራሶ የሚቀባው ሸራው በጀርባው ከብረት ጋር በሚነካካበት ቦታና ካሊፐሩ በሚንሸራተትባቸው ፒኖች ላይ ብቻ ነው። በሸራው ፊትም ሆነ በዲስኩ ላይ ዘይት ወይም ግራሶ ፈጽሞ መንካት የለበትም፤ ድምፁን ዝም የሚያሰኘው ሰበቃውን በማጥፋት ነውና መኪናዋ መቆም ሊሳናት ይችላል። አቧራውንም በአፍ ወይም በአየር ግፊት መንፋት ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

በብዙ ሸራዎች ላይ ሸራው ሲያልቅ ዲስኩን እየነካ እንዲጮኽ የተሰካ ትንሽ ብረት አለ። ይህ ድምፅ ማስጠንቀቂያ ነው። ብረት ከብረት ጋር የመፋጨት ድምፅ፣ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን መሳቧ፣ የመርገጫው መላላት ወይም ከአንድ ጎማ ብቻ የሚወጣ ኃይለኛ ሙቀት ከታየ ግን ሳይዘገይ ወደ መካኒክ መሄድ ግድ ነው።

የባልደረባችን መኪና ጎማዎች በተፈቱ ጊዜ ሦስቱ ሸራዎች 9 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ነበራቸው። የቀኙ የውስጥ ሸራ ግን ወደ 4 ሚሊ ሜትር ወርዶ ተገኘ፤ የካሊፐሩ ፒን ደርቆ ሸራው ከዲስኩ ሳይላቀቅ ኖሯል። ፒኑ ጸድቶ፣ በሁለቱም ጎማ ያሉት ሸራዎች ተለውጠውና ከዲስኩ ጋር ተዋሕደው ሲያበቁ ድምፁ ጠፋ። «ይለቃታል» ተብሎ ቢታለፍ ኖሮ ያ ሸራ ሁለተኛውን 8,000 ኪሎ ሜትር ባልጨረሰ ነበር። ስለሆነም ከጥቂት ቀናት በላይ የዘለቀን ሲጢጥታ፣ መኪናዋ የቱንም ያህል አዲስ ብትሆን፣ ጎማ አስፈትቶ ማየት ይገባል እንላለን።