ድድ ቢደማም ጥርስ ማጽዳት አይቋረጥ

ድዱ ሲደማ ጥርሱን ማጽዳት የሚያቆም ብዙ ነው። ይህ ግን ችግሩን ያባብሳል። ድድ አብዛኛውን ጊዜ የሚደማው በድድና በጥርስ መካከል የተጠራቀመው ቆሻሻ ስለሚያስቆጣው ነው። ካልጸዳ ድዱ ከጥርሱ ይለያል፤ ጥርሱን የያዘው አጥንት ይሳሳል፤ በመጨረሻም ጥርሱ ይነቃነቃል።

ምን እናድርግ?

1. በቀን 2 ጊዜ በለስላሳ ብሩሽ ወይም ጫፉ በደንብ በታኘከ መፋቂያ የድዱን ጠርዝ ቀስ ብላችሁ አጽዱ።

2. ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በ1 ብርጭቆ ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ አሟሙታችሁ ተጉመጥመጡ፤ አትዋጡት።

3. ቲማቲም፣ ሎሚ ወይም ጎመን ስታገኙ ብሉ፤ ጎመኑን ብዙ አትቀቅሉት። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሶማሊያና በሱዳን በነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ላይ በቫይታሚን ሲ እጥረት የሚመጣው ስከርቪ ታይቶ ነበር፤ እሱም ድድ ያሳብጣል፣ ያደማል።

በ2 ሳምንት ካልተሻላችሁ፣ መግል ከታየ ወይም ጥርስ ከተነቃነቀ ወደ ክሊኒክ ሂዱ። የጠጠረ ቆሻሻ በብሩሽ አይለቅም፤ በባለሙያ ይነሳል።

በጎ ፈቃደኞች ሆይ! ምግብ ያነሰው ወይም ከኩፍኝ ያገገመ ሕፃን ድዱ ቆስሎ አፉ ከሸተተ በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ ይወሰድ። ኖማ የተባለው በሽታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ፊትን ሊበላ ይችላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን ይድናል።